የሴራሚክ ንጣፍ አጫጭር ሥልጠናዎች ሲመዘኑ

አዲስ አበባ ውስጥ ሴራሚክ ማንጠፍ የሚያስተምሩ አጫጭር ሥልጠናዎች ቆርጦ መለጠፉን በደንብ ያስተምራሉ። ሠልጣኙ ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ ሲወጣ መቁረጫ ይይዛል፣ ማጣበቂያ ይቀባል፣ መስመር ጠብቆ ይደረድራል። ሴራሚክ የሚበላሸው ግን እዚያ ላይ አይደለም። ዓመት ሳይሞላው ሲረገጥ ባዶ ድምፅ የሚሰጥ፣ ጠርዙ እየተፈረፈረ የሚነሳ፣ ሻወር ቤት ጥግ ላይ ውሃ የሚያቁር ወለል ሲፈነቀል ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ ሥሩ ላይ ይገኛል። ያልደረቀ ስክሪድ (ከሴራሚኩ ሥር ያለው የሲሚንቶና አሸዋ ድልዳል)፣ ያልተጠረገ አቧራ፣ አምስት ቦታ ጉብ ጉብ ተደርጎ የተቀመጠ ሲሚንቶ ነው የሚታየው። ስለዚህ እነዚህን ሥልጠናዎች የምንመዝነው ከሴራሚኩ በታች ስላለው ነገር ምን ያህል ያሳያሉ በሚለው ነው። በዚህ ሚዛን ብዙዎቹ ግማሽ መንገድ ላይ ይቀራሉ።

ሥራው እንደሆነ አለ። ኮንዶሚኒየም ለባለቤቱ የሚተላለፈው ብዙውን ጊዜ ወለሉ በሲሚንቶ ብቻ ተጠናቆ ስለሆነ ሴራሚኩን የሚያሠራው ነዋሪው ራሱ ነው። ወደ ሙያው የሚገባባቸው በሮች ሦስት ናቸው፤ የመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ፣ የግል አጭር ሥልጠና፣ ወይም ከባለሙያ ሥር በረዳትነት መሥራት። የትኛውም ሙሉ አይደለም። ለማነጻጸር ያህል፣ ጀርመን ውስጥ የሴራሚክ ነጣፊነት ትምህርት ከሥራ ጋር ተጣምሮ ሦስት ዓመት ይፈጃል። እዚያ በሙያው የራስን ድርጅት ለመክፈት ያስፈልግ የነበረው የ«ማይስተር» ማዕረግ በ2004 እ.ኤ.አ. ቀርቶ ነበር፤ በ2020 ተመልሶ ግዴታ ሆነ። ሦስት ዓመት የሚወስደውን በጥቂት ሳምንት እናስጨርሳለን የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ አንድ ነገር ተዘሏል ማለት ነው። የሚዘለለው ደግሞ ከወለሉ ዝግጅት ይጀምራል።

ጥሩ ሥልጠና የመጀመሪያዎቹን ቀናት ሴራሚክ ሳያስነካ ያሳልፋል። ሠልጣኙ 2 ሜትር ቀጥ ያለ አልሙኒየም ወለሉ ላይ በየአቅጣጫው እያስተኛ ከሥሩ ያለውን ክፍተት ይለካል። ለ60 በ60 ሴራሚክ ክፍተቱ ከ3 ሚሊ ሜትር ከበለጠ መጀመሪያ ወለሉ ይስተካከላል። በማጣበቂያ ውፍረት ማስተካከል እንደማይቻልም ይነገረዋል፤ ማጣበቂያ ሲደርቅ ስለሚኮማተር ወፍራም የሆነበት ቦታ ሴራሚኩን ወደ ታች ይስባል። ትናንት ልክ የነበረ ወለል ጠዋት ጥርስ አውጥቶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ ስክሪድ በየሳንቲ ሜትሩ አንድ ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ 4 ሳንቲ ከሆነ አራት ሳምንት። ቀላሉ መፈተኛ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር አሽጎ አንድ ቀን መተው ነው። ከሥሩ ካላበው ወይም ሲሚንቶው ከጠቆረ ገና ነው።

ከሁሉ የባሰው ሊሾ ወለል ነው። ለዓይን የተዘጋጀ ይመስላል። ላዩ ግን በንጹህ ሲሚንቶ ተፈትጎ እንደ መስተዋት ስለለሰለሰ ማጣበቂያ የሚይዝበት ነገር የለውም። በመሮ ወይም በግራይንደር ይወቀራል፣ አቧራው ተጠርጎ በእርጥብ ስፖንጅ ይነሳል፣ ማጣበቂያው እንዲይዝ የሚረዳው ቅብ፣ ፕራይመር፣ ይቀባል። ቀለም የተቀባ ግድግዳም እንዲሁ ነው፤ ሴራሚኩ ቀለሙን ይይዛል፣ ቀለሙ ግን ግድግዳውን አይዝም። ሥልጠና የሚሰጥበትን ቦታ ስትጎበኙ የምትጠይቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «የተበላሸ ወለል አላችሁ?» የሚለው ይሁን። መለማመጃው ልሙጥና ልክ የሆነ ወለል ብቻ ከሆነ ሠልጣኙ የሰው ቤት ሲገባ የሚያየውን ነገር አላየም።

አቀማመጥ ማውጣት ሁለተኛው መለያ ነው። ማዕዘን በ3፣ 4፣ 5 ስሌት ማውጣትን ብዙዎቹ ያስተምራሉ፤ በአንዱ ግድግዳ 3 ሜትር፣ በሌላው 4 ሜትር ለክቶ አግድሙ 5 ሜትር ከመጣ ማዕዘኑ ቀጥ ነው። ጠባብ ክፍል ከሆነ 60፣ 80 እና 100 ሳንቲ ይበቃል። የሚጎድለው የቁራጩን ስፋት አስቀድሞ ማስላት ነው። የክፍሉ ስፋት 3 ሜትር ከ10 ነው እንበል። ሴራሚኩ 60 ሳንቲ፣ መገጣጠሚያው 3 ሚሊ፣ በሁለቱም ግድግዳ ሥር የሚተው ክፍተት 8 ሚሊ። ከአንዱ ግድግዳ በሙሉ ሴራሚክ የጀመረ ሰው አምስት ሙሉ ካነጠፈ በኋላ 7 ሳንቲ የማትሞላ ቁራጭ ይተርፈዋል። ይህች ቁራጭ ለመቁረጥ ታስቸግራለች፣ ግድግዳው ትንሽ ከታጠፈ ደግሞ ጥመቱን አጉልታ ታሳያለች። አራት ሙሉ መሃል ላይ አድርጎ ግራና ቀኝ ቢከፍለው ግን በየጎኑ 33 ሳንቲ ያህል ያገኛል። ስሌቱ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ፈተና ላይ ወረቀትና እርሳስ ሰጥቶ ይህንን የማያሠራ አሠልጣኝ ደርዳሪ እንጂ ባለሙያ አያወጣም።

እንጨት መሳይ ረጃጅም ሴራሚኮች ላይም የሚታለፍ ነገር አለ። ረጅም ሴራሚክ ከፋብሪካ ሲወጣ መሃሉ በትንሹ ጎበጥ ማለቱ የተለመደ ነው። እንደ ጡብ ግማሽ በግማሽ ከተደረደረ የአንዱ ከፍተኛ ቦታ የሌላው ዝቅተኛ ጠርዝ አጠገብ ይወድቅና እግር ያደናቅፋል። ስለዚህ ፈረቃው ከርዝመቱ አንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ይደረጋል።

ወደ ማጣበቂያው እንምጣ፤ ሥልጠናዎቹ በሰፊው የሚለያዩት እዚህ ነው። በአገራችን የቆየው ዘዴ ሲሚንቶና አሸዋ አንድ ለሦስት ወይም አንድ ለአራት ለውሶ፣ የግድግዳ ሴራሚክን ውሃ ውስጥ ነክሮ መለጠፍ ነው። ለዚያ ዓይነት ሴራሚክ ዘዴው ምክንያት ነበረው። የግድግዳ ሴራሚክ ከክብደቱ ከ10 በመቶ በላይ ውሃ የሚመጥ ስለሆነ የሲሚንቶው ውሃ ወደ ቀዳዳዎቹ ገብቶ ይይዘዋል፤ መንከሩ ደግሞ ውሃውን ቶሎ እንዳይስበው ያደርጋል። ጥቅጥቅ ያለው የሴራሚክ ዓይነት፣ ፖርስሊን፣ ግን የሚመጠው ውሃ ከ0.5 በመቶ አይበልጥም። ተራ ሲሚንቶ የሚገባበት ቀዳዳ የለውም፤ ቢነከርም ባይነከርም ለውጥ የለውም። የሎቢና የሳሎን ፖርስሊን ሙሉ ለሙሉ ተላቆ፣ ጀርባው እንደ ታጠበ ሳህን ንጹህ ሆኖ የሚገኘው ለዚህ ነው። አሠልጣኙ ሁለቱን ለይቶ ካላስተማረ፣ ወይም «ለሁሉም ሲሚንቶ ይበቃል» ካለ፣ ሌላ ቦታ ፈልጉ።

የማጣበቂያ ከረጢት ላይ የሚጻፉት ምልክቶችም መነበብ አለባቸው። በዓለም አቀፍ ደረጃ «ሲ1» መደበኛ የሲሚንቶ ማጣበቂያ ነው፤ «ሲ2» የመያዝ አቅሙ የእጥፍ ነው፣ በካሬ ሚሊ ሜትር ቢያንስ 1 ኒውተን። «ቲ» ግድግዳ ላይ የማይንሸራተት፣ «ኢ» ከተቀባ በኋላ እስከ 30 ደቂቃ ሳይደርቅ የሚቆይ ማለት ነው። «ኤስ1» መለጠጥ የሚችል ሲሆን ፀሐይ ለሚመታው በረንዳ ይፈለጋል። ለፖርስሊን ከ«ሲ2» በታች አትውረዱ።

ማጣበቂያውን ማቡካቱ ራሱ ሥርዓት አለው። ውሃ ይቀድማል፣ ዱቄቱ በላዩ ይጨመራል፤ የውሃው መጠን ከረጢቱ ላይ የተጻፈው እንጂ በዓይን የሚገመት አይደለም። ከተማሰለ በኋላ 5 ደቂቃ ይቀመጥና እንደገና ይማሰላል። መጠንከር የጀመረ ማጣበቂያ ውስጥ ውሃ መጨመር ክልክል ነው፤ ሲለሰልስ የዳነ ይመስላል፣ አቅሙ ግን አልቋል። በበጋ፣ ነፋስና ፀሐይ ባለበት ፎቅ ላይ፣ የተቀባው ላዩ ቶሎ ቆዳ ያወጣል። ጣት ሲነካው ካልተጣበቀ ተፍቆ ይጣላል። በአንድ ጊዜ አንድ ካሬ ብቻ መቀባት የሚባለው ለዚህ ነው።

ማጣበቂያው የሚቀባው ጥርስ ባለው ማንኪያ ነው፤ ለ30 በ30 ባለ 8 ሚሊ፣ ለ60 በ60 ባለ 10 ወይም 12 ሚሊ ጥርስ። መስመሮቹ በአንድ አቅጣጫ ቀጥ ይላሉ። ሴራሚኩ ተቀምጦ ከመስመሮቹ አቅጣጫ በተሻጋሪ ወዲያ ወዲህ ሲገፋ መስመሮቹ ይወድቃሉ፣ አየሩም ይወጣል። ክብ ክብ እያደረጉ መቀባት አየር ያፍናል። ለትልቅ ሴራሚክ ጀርባውም በልሙጡ የማንኪያ ጎን በስሱ ይቀባል። ከዚያ በኋላ ነው ዋናው ፈተና፤ አሠልጣኙ አሁን የተቀመጠውን ሴራሚክ ያስነሳና ጀርባውን ያያል። ለደረቅ ክፍል ቢያንስ 80 በመቶው፣ ለሻወር ቤትና ለበረንዳ 95 በመቶው ማጣበቂያ የነካው መሆን አለበት፤ አራቱ ማዕዘኖች ደግሞ በማንኛውም ሁኔታ። ሥልጠናን በአንድ ነገር ብቻ መመዘን ካለብን በዚህ እንመዝነዋለን። ሴራሚክ አንስቶ ጀርባውን የማያሳይ ሥልጠና ላይ ገንዘብ አታውጡ።

ጠርዝ ማስተካከያ ክሊፖች አሁን በየሱቁ አሉ፣ ሠልጣኞችም ይወዷቸዋል። ለ60 በ60 በየጎኑ ሁለት፣ ከማዕዘኑ 5 ሳንቲ ያህል ገባ ብለው ይቀመጣሉ። ማጣበቂያው ከደረቀ በኋላ በጎማ መዶሻ ሲሰበሩ ምቱ በመገጣጠሚያው አቅጣጫ እንጂ ወደ ጎን መሆን የለበትም፤ አለበለዚያ ጠርዙ ይፈነከታል። ክሊፕ ጎረቤታም ሴራሚኮችን እኩል ያደርጋል እንጂ ጎርባጣ ወለል አያቀናም። ወለሉ ካልተስተካከለ የተጎተተው ሴራሚክ ከሥሩ ባዶ ይሆናል፣ ከላይ ግን አምሮ ይታያል። በእኛ ግምት ጀማሪ ያለ ክሊፕ መሥራት ሳይለምድ ክሊፕ ባይሰጠው ይሻላል።

በመቁረጥ ላይ ሥልጠናዎቹ ጎበዝ ናቸው፤ ብዙ የምንለው የለም። የእጅ መቁረጫ አንዴ፣ በአንድ ግፊት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጭራል። ደጋግሞ መጫር ስብራቱን ያዛባል። ተሽከርካሪዋ ስለት ከደነዘች ድምፅዋ ይቀየራል፣ ትተካለች። የቧንቧ ወይም የበር መቃን ጋ የሚገባ ባለ ማዕዘን ቁራጭ ሲወጣ የውስጠኛው ማዕዘን ላይ መጀመሪያ በዳይመንድ መሰርሰሪያ ቀዳዳ ይበሳል፤ ሁለት መስመር ቀጥ ብሎ ከተገናኘ ሴራሚኩ ከዚያ ነጥብ ጀምሮ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ከተነጠፈ በኋላ።

አቧራው ግን ችላ ይባላል፤ ይህ ያሳስበናል። ሴራሚክ በግራይንደር በደረቁ ሲቆረጥ የሚወጣው ብናኝ ሲሊካ አለው። ሳንባ ውስጥ የሚገባው ሲሊካ ሲሊኮሲስ የሚባል የማይድን በሽታ ያስከትላል፤ ከብዙ ዓመት በኋላ የሚገለጥ በመሆኑ ወጣት ሠራተኛ አይፈራውም። አፍና አፍንጫ በሻሽ መጠቅለል አይከላከልም። ውሃ እያንጠባጠቡ መቁረጥ፣ ደረጃው «ኤፍኤፍፒ2» ወይም ከዚያ በላይ የሆነ ጭምብል፣ የዲስኩ መሸፈኛ አለመነሳቱ፣ የጉልበት መከለያ። እነዚህ በሥልጠናው ክፍያ ውስጥ መካተት ይገባቸዋል።

ሻወር ቤትን አንዳንዶቹ ጨርሶ አይነኩትም፤ ደንበኛ ግን ከሁሉ በላይ የሚያለቅሰው በሱ ነው። ወለሉ ወደ ውሃ መውረጃው በየሜትሩ 2 ሳንቲ ያህል ይወርዳል። ዝቅታው የሚሰጠው ስክሪዱ ላይ እንጂ ሴራሚኩ ሲነጠፍ አይደለም። ውሃ ከላካዩ ቅብ ሁለት ጊዜ፣ ሁለተኛው ለመጀመሪያው ተሻጋሪ በሆነ አቅጣጫ ይቀባል፤ የግድግዳና የወለል መገናኛ ላይ ልዩ ጥብጣብ ይገባበታል። ሻወሩ አካባቢ ግድግዳው ላይ ቢያንስ እስከ 1 ሜትር ከ80 ይወጣል። ከደረቀ በኋላ መውረጃው ተደፍኖ ውሃ 24 ሰዓት ይቆማል፣ ታች ያለው ጎረቤት ጣሪያም ይታያል። ሴራሚኩ ከዚህ በኋላ ነው የሚመጣው፤ ሴራሚክና ግራውት (የመገጣጠሚያው መሙያ) ውሃ አይከለክሉም። የሚያብረቀርቅ ፖርስሊን ውሃ በሚያርሰው ወለል ላይ አይነጠፍም፤ ካርቶኑ ላይ «አር10» ወይም «አር11» የሚል ያለማንሸራተት ደረጃ ይፈለጋል።

ግራውት ከአንድ ቀን በኋላ ይሞላል፣ በሰያፍ ይታጠባል፣ ስፖንጁ ተጨምቆ ነው። ብዙ ውሃ ቀለሙን ያጥባል። ግድግዳና ወለል የሚገናኙበት ጥግ በሲሊኮን እንጂ በግራውት አይሞላም። በጣም ሰፊ ክፍል ከሆነ ደግሞ በየ6 ወይም 7 ሜትሩ፣ ፀሐይ ላይ ላለ ወለል በየ3 ሜትሩ ያህል የመላወሻ ክፍተት ይተዋል። ክፍተት የሌለው ሰፊ ወለል ሲሞቅ መሃል ላይ እንደ ድንኳን ተነስቶ ይፈነዳል።

ዕቃ ማስላት ደግሞ ሠልጣኙ ራሱን ችሎ ሥራ ሲይዝ የሚያከብረው ወይም የሚያዋርደው ነገር ነው። 3.10 በ4.20 የሆነ ክፍል 13 ካሬ ነው። 10 በመቶ ብክነት ሲጨመር 14.3 ይሆናል። የ60 በ60 ካርቶን አብዛኛውን ጊዜ አራት ፍሬ፣ 1.44 ካሬ ስለሆነ 10 ካርቶን ይበቃል። በግድግዳው ሥር የሚዞረው ዞኮሎ ግን ተረሳ። የበሩ ስፋት ሲቀነስ ዙሪያው 13.7 ሜትር ያህል ነው፤ 10 ሳንቲ ከፍታ ካለው 23 ቁራጭ ይፈልጋል፣ ከአንድ ሴራሚክ ስድስት ስለሚወጣ ሌላ አንድ ካርቶን። ስለዚህ 11። ማጣበቂያ በካሬ 5 ኪሎ ቢያዝ 65 ኪሎ፤ ግራውቱ በዚህ መጠን ሴራሚክ 3 ኪሎ አይሞላም። ሁሉም ካርቶን በአንድ ጊዜ ይገዛ፣ የቀለም ቁጥሩና የልክ ቁጥሩ አንድ መሆኑም በየካርቶኑ ይታይ። አንድ ካርቶን ጎድሎ በወሩ የተገዛው ከሌላ ምርት ከሆነ በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለት ቀለም ይወጣል። ክፍያ በካሬ፣ ዞኮሎ በሜትር፣ ደረጃ ለብቻው መሆኑን፣ ወለል ማስተካከል ደግሞ ማን እንደሚከፍለው ሥራው ሳይጀመር መነጋገርን የሚያስተምር ሥልጠና ካገኛችሁ ያዙት።

ከሦስቱ በሮች የትኛው? ረዳትነት እውነተኛውን ቤት፣ እውነተኛውን ጠማማ ግድግዳ ያሳያል፤ የሚከፈልበትም እንጂ የሚከፍሉበት አይደለም። ጉድለቱ የባለሙያው ስህተት እንደ ሕግ ሆኖ መወረሱ ነው። አምስቱን ጉብታ ሲሚንቶ ከጌታው የተማረ ረዳት «ድሮም እንዲህ ነው» ብሎ ይቀጥላል። የመንግሥት ኮሌጅ በደረጃ የተከፈለ ሥልጠና አለው፣ መጨረሻውም የብቃት ምዘና ነው፤ ንድፈ ሐሳቡ ይሻላል፣ የልምምዱ ሴራሚክ ግን ብዙ ጊዜ ከተማሪው ቁጥር ያንሳል። የግል አጭር ሥልጠና ፈጣን ነው፣ ጥራቱ ግን ሙሉ በሙሉ በአሠልጣኙ ሰው ላይ የቆመ ነው። የኛ ምርጫ ስድስት ወር ያህል ረዳት ሆኖ ከቆዩ በኋላ አጭር ሥልጠና መግባት ነው። የዚያን ጊዜ ሠልጣኙ የሚጠይቀውን ያውቃል። ሲኦሲ የሚባለው የብቃት ምዘና በሥራ ላይ ለተማሩም ክፍት ስለሆነ ለወረቀቱ ብቻ ሲባል ኮሌጅ መግባት አያስፈልግም። ወደ አሜሪካ የመሄድ ሐሳብ ያለው ሰው ደግሞ እዚያ ያለው የተረጋገጠ ነጣፊ ፈተና ቢያንስ ሁለት ዓመት በኃላፊነት የሠራ ሰው የሚቀመጥበት መሆኑን ይወቅ፤ አጭር ሥልጠና ልምድ አይተካም።

ስለ መሣሪያ ግዢ አንድ ቃል። መጀመሪያ ገንዘብ የሚወጣው በውሃ ልክ፣ በ2 ሜትር አልሙኒየም እና በሁለት ጥርሳም ማንኪያ ላይ ነው። መቁረጫ ቀጥሎ ይመጣል። የስፔኑ ሩቢ፣ የጣሊያኖቹ ሞንቶሊትና ሲግማ ውድ ቢሆኑም ስለታቸው ብቻውን ይተካል፣ ሐዲዱም አይወላገድም። ርካሹን ስትገዙ መያዣውን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነቅንቁት፤ የሚወዛወዝ ከሆነ ፖርስሊን አይቆርጥም። ለ60 በ60 በሰያፍ መቁረጥ ካሰባችሁ ሰያፉ 85 ሳንቲ መሆኑን አስቡ፤ ባለ 60 መቁረጫ አይበቃም።

ከመክፈላችሁ በፊት አንድ ቀን ገብታችሁ ለማየት ጠይቁ። በአንድ መለማመጃ ስንት ሠልጣኝ እንዳለ ቁጠሩ፤ ከሦስት ከበለጠ ሁለቱ ተመልካች ናቸው። እያንዳንዱ ሰው ብቻውን ስንት ካሬ እንደሚያነጥፍ፣ ሴራሚኩና ማጣበቂያው በክፍያው ውስጥ መሆኑን፣ ለልምምድ የሚሰጠው አሸዋና ሲሚንቶ ብቻ ወይስ እውነተኛ ማጣበቂያ መሆኑን ጠይቁ። ከዚያ ባለፈው ዙር የተነጠፈ ወለል ካለ በሳንቲም ወይም በጠመንጃ መፍቻ እጀታ ማዕዘኖቹን አንኳኩ።